የፖሊስ ጄት ስኪ በተከዜ ሐይቅ፦ ሠሪው በሥራው ይጠየቃል ወይ?

ለፖሊስ ቅኝት የሚውል ጄት ስኪ መንደፍ ከሩቅ ሲታይ የመሐንዲስ ሥራ ብቻ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት፣ የገላው ቅርጽ፣ የነዳጅ መያዣው ስፋት ይወሰናል፣ ከዚያ ይሠራል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን እያንዳንዱ ውሳኔ ስለ ሰው ሕይወት የተሰጠ ፍርድ ነው። ሁለት ሰው ወይስ ሦስት ሰው ይቀመጥበት? ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው በየት በኩል ይውጣበት? ፖሊሱ እጁን ከጋዙ ላይ ሲያነሣ ማሽኑ ይቁም ወይስ በጀመረው አቅጣጫ ይንሸራተት? እነዚህን የሚወስነው ሰው በኋላ ሐይቁ ላይ አይገኝም፤ ውሳኔው ግን ይገኛል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ከሞተር መፈልሰፍ በፊት የነበረ ነው፦ መሣሪያ የሚሠራ ሰው በመሣሪያው ለሚደረገው ነገር ይጠየቃል ወይስ ተጠያቂው የያዘው እጅ ብቻ ነው?

ጥያቄውን በዋግ ኽምራ ምድር ላይ አስቀምጦ መመርመር ይቻላል፤ ይህ ደጋማ አገር ዛሬ ሰፊ ሐይቅ ከሥሩ ተኝቶለታልና። ተከዜ ከላሊበላ በላይ ካሉት ተራሮች ይነሣል፤ በጥልቅ ገደል ውስጥ ዋግን ታክኮ ወደ ሰሜን ይወርድና ወደ ምዕራብ ታጥፎ ሰቲት ተብሎ ሱዳን ይገባል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ይህን ወንዝ 188 ሜትር ቁመት ባለው የቅስት ግንብ ዘጋው። አራቱ ተርባይኖች 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ታስበው የተተከሉ ሲሆን፣ ከጀርባ የተኛው ውኃ ሲሞላ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያልፋል፤ ስፋቱም ወደ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የዝቋላንና የአበርገሌን ቆላ እየነካ በየገባሩ ሸለቆ ሰርጎ ገብቷል። በሞላ ጊዜ የውኃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1140 ሜትር ላይ ነው፤ ከሰቆጣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል።

ይህ ውኃ ለቆላው ሰው እንጀራም አደጋም ይዞ መጣ። ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ይጠመዱበታል፤ ፍየል ማገድና ማሽላ መዝራት የለመደ ወጣት መረብ መጣል ተማረ። በበጋ በእግር ይሻገሩት የነበረው ሸለቆ ዛሬ ያለ ጀልባ አይታለፍም። ዳሩም እንደ ተፈጥሮ ሐይቅ ዳር የረጋ አይደለም፤ ተርባይኖቹ በሚሠሩበት የበጋ ወራት ውኃው በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ዝቅ ይላል፣ ክረምት ሲገባ መልሶ ይወጣል። ትናንት ጥልቅ የነበረው ቦታ ዛሬ ጉቶና ቋጥኝ ያሰጣል። በወንዝ ዳር ያደገ ሰው ወንዙን ያውቀው ነበር፤ መቼ እንደሚሞላ፣ የት እንደሚሳሳ ከአባቱ ሰምቷል። ስለ ሐይቁ ግን የሚያወርሰው አባት አልነበረውም።

በእንዲህ ያለ ውኃ ላይ የሕግ አስከባሪ ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣ የሚጠመድበትን ሁኔታ ይደነግጋል፤ የሚቆጣጠረው ሰው ውኃው ላይ መውጣት አለበት። የተሰረቀ መረብ አለ፤ በጀልባ የሚያልፍ ሕገ ወጥ ዕቃ አለ፤ ማዕበል የገለበጠው አጥማጅ አለ። ሐይቁ በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል የተዘረጋ ነው፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነትም ዋግን በእሳቱ መካከል አሳልፏት ሄዷል። ስለዚህ በዚህ ውኃ ላይ የሞተር ድምፅና የደንብ ልብስ አንድ ላይ ሲመጡ በሰው ልብ ውስጥ የሚቀሰቅሱት ነገር በሌላ አገር ካለው ይለያል። ንድፉን የሚያወጣው ሰው ይህንን ከሞተሩ ጉልበት እኩል ማወቅ ይገባዋል።

ማሽኑ ራሱ ምንድን ነው? ጄት ስኪ ሰው እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጥጦ የሚነዳው ትንሽ የውኃ መጓጓዣ ነው። የሚገፋው ከውጭ በሚሽከረከር ስለት አይደለም፤ ከሥሩ ባለ ቀዳዳ ውኃ ይስባል፣ ውስጥ ባለ ተሽከርካሪ ያፋጥነዋል፣ ከኋላ በጠባብ አፍ ይተፋዋል። ይህን የመግፊያ ዘዴ ለጀልባ አመቺ አድርጎ ያበቃው በጎች የሚያረባው የኒውዚላንድ መሐንዲስ ቢል ሃሚልተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአገሩ ደጋ ባሉት ጥልቀት በሌላቸው ፈጣን ወንዞች ላይ መሄድ ፈልጎ ነበር የሠራው። በ1960ዎቹ ክሌይተን ጃኮብሰን የተባለው አሜሪካዊ የአንድ ሰው ማሽን አድርጎ አሰበው፤ ቦምባርዲየር በ1968 ሲ ዱ የተባለውን አወጣ፤ ካዋሳኪ በ1973 ጄት ስኪ በሚል የንግድ ስም ለገበያ ያቀረበው ደግሞ ስሙን ለዓይነቱ ሁሉ አወረሰ። መነሻው መዝናኛ ነው። ፖሊስ፣ የባሕር ዳርቻ ጠባቂና ወታደር በኋላ ነው የወሰዱት።

ለቅኝት የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ይሄዳል፤ ከውጭ የሚቆርጥ ስለት ስለሌለው ወደ ዋናተኛ መጠጋት ይችላል፤ ይፈጥናል፤ ሁለት ሰዎች ከጋሪው ላይ ገፍተው ውኃ ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ፣ ስለዚህ ወደብ በሌለበት ዳርቻ ያገለግላል። ለተከዜ ዳር እነዚህ ሁሉ ጥቅሞች ናቸው። ነገር ግን በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተጨማሪ አየር የሚነፋለት መሣሪያ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አሥር በመቶ በላይ ያጣል። በውኃ ውስጥ የቀረ ጉቶ ገላውን ይሰብራል። የአጥማጅ መረብ በሥሩ ቀዳዳ ተስቦ ይገባና ሞተሩን ያንቃል። ይህ ሁሉ በቴክኒክ የሚፈታ ነው። በቴክኒክ ብቻ የማይፈታው የሚጀምረው ማሽኑ ወደ ሰው ሲጠጋ ነው።

ጄት ስኪ የሚታጠፈው በሚተፋው ውኃ ኃይል ነው። ኃይሉ ሲቋረጥ መሪው ቢዞርም ማሽኑ አይዞርም፤ በያዘው ፍጥነት ወደፊት ይሄዳል። አደጋ ሲመጣበት እጁን ከጋዙ ላይ ማንሣት የማንኛውም ሰው ተፈጥሮ ነው፤ በዚህ ማሽን ላይ ግን ያ ተፈጥሯዊ እንቅስቃሴ የመዞርን ዕድል ያሳጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናት ከመዝናኛ ጀልባዎች ሁሉ ዋናው የሞት ምክንያት መስጠም ሳይሆን የግጭት ጉዳት የሆነበት ይህ ዓይነት ብቻ መሆኑን አመለከተ። አምራቾች ከዚያ በኋላ ጋዝ ሲለቀቅም የሚያዞር ዘዴ አበጁ፤ በ2009 ደግሞ ሲ ዱ በእጅ የሚያዝ ፍሬን ያለው ሞዴል አወጣ። ይህ ታሪክ ለሥነ ምግባር ጥያቄው ትልቅ ማስረጃ ነው። የሚገጨው ሰው ስሕተት አልሠራም፤ ነጂውም ክፋት አላሰበም፤ ጉዳቱ ግን በንድፉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

መሣሪያ ገለልተኛ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ቦታ ይፈተናል። አስተሳሰቡ ቀላልና ማራኪ ነው፦ ቢላዋ ሽንኩርትም ይከትፋል ሰውም ይወጋል፣ ጥፋቱ የእጁ ነው። እውነትነት የለውም ማለት አይቻልም፤ የሰው ፈቃድ ባይኖር ኃጢአትም ጽድቅም ባልኖረ ነበር። ግን ሁሉንም አይገልጽም። ለሦስተኛ ሰው ቦታ የሌለው ጄት ስኪ ላይ የተቀመጡ ሁለት ፖሊሶች እየሰጠመ ያለ ሰው ቢያገኙ፣ ልባቸው የቱንም ያህል ርኅሩኅ ቢሆን፣ ማድረግ የሚችሉት ጥቂት ነው። ፈቃዳቸውን ያጠበበው ከእነርሱ በፊት ወረቀት ላይ መስመር ያሰመረ ሰው ነው።

የግሪክ ፈላስፎች በዚህ ላይ የተናገሩት ነገር አለ፤ ምሳሌያቸውም ለቅኝት መጓጓዣ የተስማማ ነው። አሪስቶትል የሥነ ምግባር መጽሐፉን ሲጀምር የልጓም ሥራ በፈረሰኛነት ጥበብ ሥር፣ ፈረሰኛነት ደግሞ በጦር አዛዥነት ሥር እንደሚተዳደር ያስረዳል፤ የታችኛው ሥራ ዓላማውን ከላይኛው ይቀበላል። ፕሌቶም በመንግሥት ድርሰቱ አሥረኛ ክፍል ስለ ልጓም ያነሣል፤ ጥሩውን ልጓም ከመጥፎው የሚለየው ቀጥቃጩ ወይም ቆዳ ሰፊው ሳይሆን ፈረሰኛው ነው ይላል። በዚህ መሠረት ጄት ስኪ የሚነድፈው ሰው ፖሊሱን ጠይቆ መሥራት አለበት፤ ፖሊሱም የአዛዡን ዓላማ ያስፈጽማል። ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። ፈረሰኛው ስለ ልጓሙ ያውቃል፤ ልጓሙ የሚገባበት አፍ ግን የፈረሱ ነው። በፖሊስ ማሽን ላይም የሚቀመጠው ሰው አንድ ነው፣ ማሽኑ የሚመጣበት ሰው ሌላ ነው። የሁለቱ ፈላስፎች ሰንሰለት ከሠሪ ወደ ነጂ፣ ከነጂ ወደ አዛዥ ሲወጣ ውኃ ውስጥ ያለውን ሰው ሳይጠይቅ ያልፋል።

የዚያን ሰው ወንበር ለማግኘት ከተከዜ ገደል ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ደራሲው ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከአሳዳጆቹ የሸሸ አንድ ሰው በተከዜ አካባቢ ባገኘው ዋሻ ተቀምጦ እግዚአብሔርን፣ ሕግንና የሰውን ፍርድ እንደመረመረ ይተርካል። ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል መሆናቸውን የሚያስረግጠው ከዚያ ነው። ጽሑፉን ማንም ይጻፈው፣ ነገሩን የሚያየው ከተሳዳጁ ወገን ነው። የሚያሳድደው ሰው ሥልጣኑ ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም፤ የሚሳደደው ግን ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም። ለተከዜ ሐይቅ የሚነደፍ የፖሊስ ማሽን ከዚህ ወገን ሲታይ ምን ይመስላል? የሚባለው የመጀመሪያው ነገር ምናልባት ማን እንደመጣ መታወቅ አለበት የሚል ነው። ቁጥሩ ከሩቅ የሚነበብ፣ መብራቱና ቀለሙ የፖሊስ መሆኑን የሚናገር፣ ሰው ሳያየው ሊጠጋ የማይችል ማሽን ለአጥማጁ ከማይታወቅ ጥቁር ማሽን ይልቅ ሕግን ይመስላል። ድምፅ ማጉያው ላይ የሚነገረውም አጥማጁ በሚሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኽምጣናም፣ መሆን አለበት፤ ያልገባውን ትእዛዝ ባለመፈጸሙ የሚሳደድ ሰው መኖር የለበትምና።

ቅዱሳት መጻሕፍት ደግሞ ሠሪውን በቀጥታ ይጠይቁታል። ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ በስምንተኛው ምዕራፍ፣ ሰይፍና ቢላዋ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን ለሰው ያስተማረው አዛዝኤል እንደሆነ ይናገራል፤ የምድር ክፋትም ከዚህ ትምህርት ጋር ተያይዞ ይቆጠራል። ይህ እጅግ ከባድ ፍርድ ነው። ደም ያፈሰሰው እጅ ብቻ አልተከሰሰም፤ ዕውቀቱን ያወረደውም ተከሷል። ከተገለጹት መሣሪያዎች መካከል ጋሻና ጥሩር መኖራቸው ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል፤ መከላከያም ቢሆን ከጦርነት ጥበብ አልተለየም። በሄኖክ ሚዛን ከሄድን የፖሊስ መሣሪያ የሚሠራ ሁሉ ከተጠያቂነት ማምለጫ የለውም።

ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ስምንተኛ ቁጥር ላይ ሌላ መንገድ ያሳያል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ካላደረገና ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል። ኦሪት ዘፀአትም ጉድጓድ ቆፍሮ ያልከደነ ሰው የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ካሣ ይከፍላል ይላል። እዚህ ላይ ቤቱም ጉድጓዱም አልተወገዙም፤ ማንም ክፉ አላሰበም። የተጠየቀው የጎደለው መከታና ያልተደረገው ክዳን ነው። ከሄኖክ ይልቅ ለመሐንዲስ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ሊሠራ ከሚችለው ሥራ የትኛው ክፍል ግዴታው እንደሆነ ይነግረዋልና። በቁርኣንም ሱረቱል ሐዲድ ብረት ብርቱ ኃይልም ለሰዎች ጥቅምም ያለበት ሆኖ መውረዱን ይናገራል፤ ሁለቱ ጠባዮች በአንድ ብረት ውስጥ ተቀምጠዋል፣ የሚለያቸው የሠራተኛው ማስተዋል ነው።

የኖኅ መርከብም ከዚህ ጋር ይነሣል። ርዝመቱ 300፣ ስፋቱ 50፣ ከፍታው 30 ክንድ፤ ደርቡ ሦስት፤ በሩ በጎኑ። ስለ ቀዛፊ፣ ስለ ሸራ፣ ስለ መሪ ግን በዘፍጥረት ትእዛዝ ውስጥ አንድም ቃል የለም። መርከቡ የተነደፈው ለመድረስ አልነበረም፤ ሕይወትን ለመያዝ ነበር። ጄት ስኪ የዚህ ተቃራኒ ጫፍ ነው፦ ሙሉ በሙሉ ለመሄድ የተሠራ፣ ለመያዝ ያልተሠራ። ፖሊስ ደግሞ ሁለቱም ያስፈልገዋል። በፍጥነት የደረሰ ነገር ግን ማንንም ማሳፈር የማይችል አዳኝ የደረሰው ለማየት ብቻ ነው።

ሠሪ ስለ ሥራው መጠየቁ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በስም የሚታወቅ ጉዳይ አለው። በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማኅበር የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን፣ ከእነርሱም መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሰፍረው ነበር። ወንጌል ለማስተማር የመጡ ሰዎች ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ ከእነርሱ የፈለጉት ግን መድፍ ነበር፤ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ተቀርጾ ወጣ፣ ተጎትቶም መቅደላ ደረሰ። ለዋግ ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ሰቅለዋል፤ የገብረ መድኅን ልጅ ዋግሹም ጎበዜ ከንጉሡ ዋነኛ ባላንጣዎች አንዱ ነበሩ። የጋፋት ምድጃ ሲነድ የሚቀልጠው ብረት ማን ላይ ሊዞር እንደሚችል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ሚሲዮናውያኑን መኮነን ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። በንጉሥ እጅ ውስጥ ነበሩ፣ እምቢ ማለት የሚያስከፍለውንም ያውቁ ነበር። ከመኮነን ይልቅ የዋልድማየርን የኋላ ሕይወት መመልከት ያስተምራል። ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ፣ ጦርነትን በማናቸውም መልኩ ከማይቀበሉት ኩዌከሮች ጋር ተባበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፣ በ1896 ደግሞ ለአእምሮ ሕሙማን አስፉሪያ የሚባለውን ሆስፒታል አቋቋመ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። መድፉም ሆስፒታሉም የአንድ ሰው እጅ ያረፈባቸው ሥራዎች ናቸው፤ መሣሪያ ገለልተኛ ነው የሚል ሰው የዚህን ሰው ሕይወት ሊያስረዳ አይችልም። ዋግሹም ጎበዜም አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከነገሡ በኋላ በ1863 ዓ.ም. አድዋ ላይ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ የተሸነፉት፣ ሠራዊታቸው በቁጥር በልጦ ሳለ፣ እንግሊዞች ለካሣ ትተውት በሄዱት መሣሪያ ኃይል ነው።

በአገሩ ባህል ውስጥ የሠሪው ቦታ ሌላም መልክ ነበረው። ማረሻና ጦር የሚያበጀው ቀጥቃጭ በቡዳነት ይታማ፣ ከጋብቻና ከጉርብትና ይገለል ነበር፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ይህ ንቀት ግፍ ነበር። ከግፍነቱ በተጨማሪ ሌላ ጉዳትም አደረሰ፤ ሠሪው በማያደርገው ነገር፣ በዓይኑ፣ ሲከሰስ ኖሮ በሚያደርገው ነገር፣ በብረቱ፣ ሳይጠየቅ ቀረ። ምን ብትሠራ ይሻላል ብሎ የጠየቀው የለም፣ ምክሩንም የሰማ የለም። ሠሪን ማክበር ማለት እጁን መሳም ብቻ አይደለም፤ ስለ ሥራው ማማከርና መጠየቅም ነው።

ወደ ማሽኑ ሲመለስ ነገሩ ሁሉ በዝርዝሩ ላይ ይወድቃል። በሃዋይ ደሴቶች በማካሃ የባሕር ዳርቻ ብራያን ኬዋላናና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ከጄት ስኪ ኋላ ተንሳፋፊ ጠፍጣፋ ተጎታች አሰሩ፤ ጠባቂው ተጎታቹ ላይ ይተኛል፣ የሚሰጥመውን ሰው እጁን ይዞ ይስበዋል፣ ነጂው ወዲያው ከማዕበሉ ያወጣቸዋል። ሞተሩ አልተለወጠም፣ ፍጥነቱም አልጨመረም። ለመዝናኛ የተሠራ ማሽን በአንድ ሰሌዳና በጥቂት መያዣዎች የሕይወት አድን መሣሪያ ሆነ፤ ዘዴውም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። መከታ የሌለው ጣራ ላይ መከታ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

ለተከዜ ከዚህም የሚበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ውኃ ውስጥ የሚገኘው ሰው የሃዋይ ዋናተኛ አይደለምና። ቁምጣና ሸሚዝ የለበሰ፣ ጋቢ የተከናነበ፣ መረብ የተጠቀለለበት፣ ብዙ ጊዜም ዋና የማያውቅ ሰው ነው። አምራቾች በማሽኖቻቸው ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ይለጥፋሉ፦ የሥሩ ቀዳዳ የላላ ልብስ፣ ፀጉርና ገመድ ሊስብ ይችላል፤ ከኋላ የሚተፋው ውኃም ወደ ኋላ የወደቀን ተሳፋሪ ወፍራም የዋና ልብስ ካልለበሰ በውስጥ አካሉ ላይ ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። በመዝናኛ ቦታ ይህ ለገዢው የተነገረ ምክር ነው። በተከዜ ላይ ግን ምክሩ የሚመለከተው ሰው ማሽኑን አልገዛውም፣ ማስጠንቀቂያውንም አላነበበውም፤ ጋቢውን እንዲያወልቅ የሚነግረውም ጊዜ የለም። ስለዚህ ተለጣፊው ወረቀት ሠሪውን ነፃ አያወጣውም። የቀዳዳው ወንፊት መጥበብ፣ የሚድነው ሰው ከሚተፋው ውኃ ርቆ በጎን የሚወጣበት ዝቅ ያለ መድረክ፣ ሞተሩን በአንድ እንቅስቃሴ የሚያጠፋ በነጂው አንጓ ላይ የሚታሰር ገመድ ግዴታ ይሆናሉ። መጠባበቂያ የሕይወት አድን ጃኬትም ከፖሊሶቹ ቁጥር በላይ መኖር አለበት። ለሁለት ፖሊስ ሁለት ጃኬት የያዘ ማሽን ሦስተኛውን ሰው አስቀድሞ ረስቶታል።

ማዕበሉስ? ጄት ስኪ በፍጥነት ሲያልፍ የሚያስነሣው ሞገድ ትንሽ የአጥማጅ ጀልባን ሊገለብጥ ይችላል። ጥፋተኛን ለመያዝ የሚበር ማሽን በመንገዱ ያሉትን ንጹሓን ውኃ ውስጥ ከጣለ፣ የተጠበቀው ሕግ የማን ሕግ ነው? የገላው ቅርጽ ሞገዱን ሊቀንስ ይችላል፤ የቀረውን የሚያስተካክለው የነጂው ሥልጠና ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ፖሊስ የሚገጥመው አጥማጅ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያ የታጠቀ፣ ፈጣን ጀልባ ያለው ወንጀለኛም አለ። መድረክ፣ ተጎታችና ትርፍ ጃኬት የተጫነበት ማሽን ይከብዳል፣ ይዘገያል፤ የዘገየ ፖሊስ ደግሞ ለዚያው ለአጥማጁ አይጠቅመውም፣ መረቡን የሰረቀው ሰው ያመልጣልና። ተቃውሞው በቁም ነገር መታየት አለበት። ሰላማዊውን ሰው ከጉልበተኛ ማዳንም ማዳን ነው፤ ኃይል የሌለው ሕግ ደካማውን አይጠብቀውም።

መልሱ ከሚዛን ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና የተቀበላቸው የሕግ አስከባሪዎች የኃይል አጠቃቀም መሠረታዊ መርሆች፣ ኃይል ሲያስፈልግ ከጉዳዩ ክብደት ጋር የተመጣጠነ እንዲሆንና የተጎዳ ሰው በተቻለ ፍጥነት እርዳታ እንዲያገኝ ያዝዛሉ። ተጠርጣሪም ቢሆን ሲሰጥም የሚሰጥም ሰው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ማንም ሰው በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ላለ ሰው መርዳት እየቻሉ አለመርዳትን ወንጀል ያደርገዋል። እየቻሉ የሚለው ሐሳብ ላይ ሙሉ ክርክሩ ያርፋል። መርዳት የማያስችል ማሽን የተሰጠው ፖሊስ በሕግ ፊት ምክንያት ያገኛል፤ ምክንያቱን የፈጠረው ግን ማሽኑን የነደፈውና የገዛው ነው። ያመለጠ ሌባ ነገ ሊያዝ ይችላል። የሰጠመ ሰው አይመለስም። ስለዚህ ፍጥነትና ማሳፈሪያ በተጋጩበት ቦታ ሁሉ ንድፉ ለማሳፈሪያው ማድላት አለበት፤ ፈጣን ወንጀለኛን በመገናኛ ሬዲዮና በዳርቻው ባሉ ባልደረቦች መክበብ ይቻላል፤ የሚሰጥመው ሰው ግን ከማሽኑ ሌላ ማንም የለውም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የመሣሪያ መትከያ ጉዳይ ነው። በማሽኑ ላይ ለጠመንጃ ቋሚ ማሳረፊያ ማበጀት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በሚናወጥ ውኃ ላይ ከሚሮጥ ማሽን ተተኩሶ ዒላማን መምታት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የሚተኮሰው ጥይት ማን ላይ እንደሚያርፍ ተኳሹም አያውቅም። ሠሪው ማሳረፊያ ሲያበጅ ይህን ዓይነት ተኩስ የተለመደ ሥራ ያስመስለዋል። የሄኖክ ክስ ለዚህ ይስማማል፤ መንገዱን ያሳየ ሰው ከመንገደኛው ጋር ይቆጠራል። በዚያው ቦታ የመወርወሪያ ገመድ ቢቀመጥ ግን እጁ መጀመሪያ የሚያገኘው ገመዱን ይሆናል፤ በድንጋጤ ጊዜ ሰው የሚያደርገው ደግሞ እጁ መጀመሪያ ያገኘውን ነው።

ይህ ማለት ነጂው ከተጠያቂነት ይወጣል ማለት አይደለም። ኃላፊነት እንደ እህል የሚከፈል፣ አንዱ ሲወስድ የሌላው የሚጎድል ነገር አይደለም። ሠሪው ለንድፉ፣ ገዢው መሥሪያ ቤት ለምርጫው፣ አሠልጣኙ ለትምህርቱ፣ ነጂው ለእጁ እያንዳንዳቸው ሙሉ በሙሉ ይጠየቃሉ። የሠሪው ኃላፊነት የሚለየው በጊዜው ነው፤ እርሱ የሚወስነው ማንም ሳይደነግጥ፣ ማንም ሳይሰጥም፣ ለማሰብና ለመጠየቅ ሰፊ ጊዜ ሳለ ነው። ፖሊሱ በሰከንድ ውስጥ ለሚወስነው ይቅርታ ሊደረግለት ይችል ይሆናል፤ በወራት ሥራ ለተረሳ መያዣ ግን ይህ ይቅርታ አይሠራም።

ስለዚህ ለተከዜ ሐይቅ የሚነደፍ ወይም የሚገዛ የፖሊስ ጄት ስኪ ከርክክብ በፊት መፈተን ያለበት በቀጥታ መስመር በሚያሳየው ፍጥነት አይደለም። የዝቋላና የአበርገሌ አጥማጆች ዳር ቆመው ይዩት፣ ይናገሩበትም። ሙሉ ልብሱን የለበሰና የሕይወት አድን ጃኬት የታጠቀ ፈቃደኛ ሰው፣ ሌላ ጠባቂ ጀልባ አጠገቡ ባለበት፣ ውኃ ውስጥ ይግባ፤ ሁለት ፖሊሶች ያሉበት ማሽን መጥቶ፣ ሳይገጨው ቆሞ፣ ልብሱ ሳይሳብ አውጥቶ፣ ሦስቱንም ሳይገለበጥ ወደ ዳር ያድርሳቸው። ይህን ማድረግ የማይችል ማሽን ለፖሊስ ሥራ ብቁ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱም ሊረከበው አይገባም።